የአርባ ችግኝ አደራ

ከክሊኒኩ ስልክ የተደወለ ጊዜ አካፋ እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ነበረች። እርግጥ እናቷ ያወጣችላት ስም አካፋ አይደለም። ቅጽል ስሙን የለጠፈባት ያሳደጋት አጎቷ ነው፤ ነገር ስትናገር በማንኪያ መቅዳት አታውቅም፣ ዝቃ ነው የምትደፋው ብሎ። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፣ ከአጎቷ ጋር መንገድ ዳር ያለችውን የችግኝ ጣቢያ ታስተዳድራለች፣ አመሏ ግን ያው ነው።

«ዶክተር ናቸው ደውል ያሉኝ» አለ የክሊኒኩ ዘበኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተከልሽው የወፍ ቆሎ ደርቋል። ሰኞ ግቢው ድንጋይ ሊነጠፍበት ነው። ከዚያ በፊት መጥታ የራሷን ነቅላ ትውሰድ ብለዋል።»

«ደርቋል? ስንቱ?»

«አሥር ይሆናል። አሥራ አንድ። የቀረውም አንገቱን ደፍቷል። ምን ልበልሽ እህቴ፣ እኔም ሳየው ያሳዝነኛል።»

ስልኩን ዘግታ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። አጎቷ ከችግኞቹ መካከል ቀና ብሎ አያት።

«ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ክሊኒኩ ግቢ የተከልኩት የወፍ ቆሎ ደረቀ አሉ፣ ጋሼ።»

«የወፍ ቆሎ ነው የሚደርቀው?» አጎቷ ከት ብሎ ሳቀ። «እሱ እኮ ዓለት ላይ የሚበቅል ጉደኛ ቁጥቋጦ ነው። እሱን ለመግደል መማር ያስፈልጋል!»

«የተማሩ ናቸዋ» አለች። «አንዷ ዶክተር፣ አንዱ ፋርማሲስት።»

ፋርማሲስቱን ስታነሣ ድምፅዋ ተሰበረ። አጎቷም ሳቁን ዋጠው። ነገሩን ያውቃል። ያ የተክል ቦታ በእህቱ ልጅና በፋርማሲስቱ መካከል የቀረ ብቸኛ ክር መሆኑን፣ ድንጋይ ከተነጠፈበት ሁሉም ነገር እንደሚያበቃ ያውቃል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስሙን ሳትጠራ እንደከረመችም ያውቃል።

«ተነሺ» አላት። «መኪናውን ላስነሣ። ነቅለሽ ነው የምትመጪው ወይስ ተክለሽ?»

«እሱን እዚያ ስደርስ አውቃለሁ» አለችና አካፋዋን አነሣች።

*

የዶክተሯ ክሊኒክ ግቢ እሳት ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ትገርፈዋለች፣ የሲሚንቶው አጥር ደግሞ የዋጠውን ሙቀት መልሶ ይተፋል። ለዓመታት ሣር ነበረበት። ሣሩ በየሳምንቱ አንድ ቦቴ ውሃ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ጠጥቶ በየዓመቱ ይሞታል። ወረፋ የሚጠብቁ በሽተኞች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው አቧራ ይቅማሉ።

ከሁለት ወር በፊት፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አካፋ ተጠርታ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና «የአገሩን የወፍ ቆሎ እንትከልበት» አለች።

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የወፍ ቆሎ የአባቴን ማሳ ሲውጠው፣ ከብቶቻችንን ሲመርዛቸው በዓይኔ አይቻለሁ። እንኳን ግቢዬ፣ ደጄም አይደርስም!»

«እሱ ከሌላ አገር የመጣው ነው፣ ዶክተር። ያ ግንዱ የሚቧጭረው፣ አበባው ብርቱካንማው። ይህ ግን የራሳችን ነው። ይንኩት እስቲ።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅርንጫፍ አኖረችላቸው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ የወጣ፣ እሾህ የሚባል የሌለው፣ አበባው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። ዶክተሯ የበሽተኛ ክንድ እንደሚዳስሱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

«ሥር እስኪይዝ ድረስ ትንሽ ውሃ ይፈልጋል» አለች አካፋ። «ከያዘ በኋላ ሰማይ የሰጠው ይበቃዋል። ቦቴ አያስፈልግዎትም። ፍሬውን ወፎች ይለቅሙታል፣ በሽተኞችዎም የሚያዩት ነገር ያገኛሉ።»

«እናያለን» አሉ ዶክተሯ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ፈቃድ ነው።

አርባ ጉድጓድ ቆፈረች፣ አርባ ችግኝ ተከለች። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ደግሞ ግቢውን ፊት ለፊት ያያል። ከመስኮቱ ጀርባ የሚሠራው የዶክተሯ አንድያ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ረጋ ያለ፣ ነጭ ጋዋኑ ላይ አንድ የቀለም ነጠብጣብ የማይገኝበት ሰው። በሦስተኛው ቀን ነፋስ አፈር አንሥቶ ዓይኗ ውስጥ ጨመረባትና ጠብታ ልትገዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ለማንኛውም በሽተኛ እንደሚያደርገው የመድኃኒቱ የወረቀት ከረጢት ላይ «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ» ብሎ ጽፎ ሰጣት። በማግሥቱ ባዶ ከረጢት አቀበላት። «ዓይንሽ እንዴት አደረ? መልሱ ጠዋትና ማታ ይሰጥ» ይላል።

ብቻዋን ሳቀች። ችግኝ ላይ ከምታንጠለጥላቸው ቁራጭ ካርቶኖች አንዱን አወጣችና «ዓይኔ ድኗል፤ አሁን የሚያስቸግረኝ መስኮቱ ነው» ብላ ጽፋ አቀበለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ከረጢትና ካርቶን ሲመላለስ ሰነበተ። እሱ የዶክተር ልጅ ነው፣ እሷ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ አፈር የምትቆፍር ናት፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል፣ ሁለቱም አያነሡትም። ሥራው ወደማለቁ ሲቃረብ አንድ ቀን እረፍት ሰዓቱ ላይ ወጥቶ ጉድጓድ ሲያግዛት፣ ሁለቱም ቁጢጥ ብለው አንድ ችግኝ ላይ ሲሳሳቁ፣ ነጩ ጋዋን ጫፉ አፈር ሲጎትት ዶክተሯ በመስኮት አዩ።

ዶክተሯ አይጮሁም። ጮኸው አያውቁም። አካፋን ቢሯቸው አስጠርተው ወንበር ሰጧት።

«ሥራሽ ቆንጆ ነው፣ አንቺ ልጅ። አመሰግናለሁ። የቀረውን እኛው እናጠጣለን፣ ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግሽም።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ለልጄ ያሰብኩለት ሌላ ነገር አለ። ይገባሻል ብዬ አምናለሁ።»

አካፋ መሣሪያዋን ሰብስባ ወጣች። ቤቷ ገብታ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች፣ ፖስታ ውስጥ ከታ አሸገች፣ በማግሥቱ ጠዋት በዘበኛው እጅ ለፋርማሲስቱ ላከች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሳምንት አለፈ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። ከረጢት የለ፣ ወሬ የለ። ስልክ ሁለቱም ነበራቸው፣ ቁጥሩንም በቃላቸው ያውቁታል። ኩራት የሚሉት ነገር ግን ሁለቱንም እጃቸውን ይዞ አላስደውል አለ። እሷ «ደብዳቤዬን አንብቦ ዝም ካለ፣ እናቱን መርጧል ማለት ነው» አለች። ውስጧ እየነደደ ሰባት ሳምንት ችግኝ ሸጠች።

*

አጎቷ በር ላይ አወረዳትና መኪናውን ጥግ አስይዞ ቆመ። ገና ጠዋት ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ግን በበሽተኛ ሞልቷል። አካፋዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትገባ አንዲት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ መቃብር ልትቆፍሪ ነው እንዴ?» አሏት።

«ኧረ አይደለም እናቴ፣ ላወጣ ነው» አለቻቸው።

የተከለቻቸውን ስታይ ግን ቀልዱ ጠፋባት። አሥራ አንዱ ቡናማ ሆነው ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ሲነካ ይረግፋል። ሌሎቹ ቢጫ ሆነው ተንጠልጥለዋል። ከግድግዳው ሥር ባለው ችግኝ አጠገብ ተንበረከከች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች።

ጣቷ ርሶ ወጣ።

ሌላው ጋ ሄደች። እዚያም ያው ነው። ሦስተኛው ጋ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። የሞተውን በሁለት እጇ ይዛ ስትስበው ምንም ሳይታገላት መጣ፤ ሥሩ ጥቁር ሆኖ ሙልጭልጭ ብሏል፣ ሽታው አፍንጫ ይመታል። ደሟ ፈላ። ብድግ አለች።

«ማነው ውሃ ያጠጣው?»

ዘበኛው ጫማውን ማየት ጀመረ። ዶክተሯ ድምፁን ሰምተው ማዳመጫቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ወጡ።

«እዚህ በሽተኛ አለ» አሉ በቀስታ። «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ተክልሽ በውሃ ጥም ሞተ፣ በቃ። ይህ ግቢ ምንም እንደማያበቅል መጀመሪያም አውቅ ነበር።»

«በውሃ ጥም አይደለም፣ ዶክተር። ሰምጦ ነው የሞተው። ይያዙት፣ ያሽትቱት።»

ጭቃ የሚያንጠባጥበውን ሥር ዘረጋችላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። ዶክተሯ ግን ዶክተር ናቸውና ተቀበሏት፣ አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት፣ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው መለሱላት።

«በስብሷል» አሉ።

«በስብሷል። በየቀኑ ውሃ ካልጠጣ እንዲህ አይሆንም። እርስዎ ግቢውን ድንጋይ ለማልበስ ከፈለጉ ይንገሩኝ፣ ነቅዬ እወስዳለሁ። ግን ለምን ይገደላል?»

«እኔ አንዲት ጣሳ አላጠጣሁም!» አሉ ዶክተሯ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ።»

ፋርማሲስቱ በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። አካፋ ዞራ አየችው። ከሳ ብሏል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስትረግመው የከረመችውን ፊት ስታየው አሳዘናት፤ በዚህም በራሷ ተናደደች። እሱ ዓይኑን አልሰበረም። እሷም አልሰበረችም። ያን ያህል ሰው መሐል ቆመው ለአፍታ ሌላ ማንም የሌለ መሰላቸው።

«ስንቴ?» አለችው።

«መጀመሪያ ጠዋትና ማታ። በኋላ ሲጠወልጉ ሳይ ደነገጥኩና ቀትር ላይም ጨመርኩ።»

«በቀን ሦስቴ!» እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ክኒን መሰለህ እንዴ? ጽፌልህ የለም? በአምስት ቀን፣ ከዚያ በአሥር ቀን አንዴ ብዬ ዘርዝሬ አልጻፍኩልህም?»

«የት ነው የጻፍሽው?»

«በደብዳቤው!»

«የቱ ደብዳቤ?»

አካፋ ወደ ዘበኛው ዞረች። ዘበኛው ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ደመና የሌለበትን ሰማይ። ከዚያ ሰረቅ አድርጎ ዶክተሯን አየ፤ የእሷም ዓይን ተከትሎት እዚያው አረፈ።

«እኔ ጋ ነው» አሉ ዶክተሯ።

*

ገብተው ሲመለሱ ፖስታው በእጃቸው ነበር። አልተከፈተም። የአካፋ የጭቃ አሻራ እንኳ እንዳለ ነው።

«የሰው ደብዳቤ አልከፍትም» አሉ ቀና ብለው። «አልከፈትኩም። እንዳይደርሰው ብቻ ነው የያዝኩት።»

«እማዬ» አለ ፋርማሲስቱ። ፊቱ ላይ የነበረውን ስታይ አካፋ የእሱ ሰባት ሳምንት ከእሷ ሰባት ሳምንት እንዳልተሻለ ገባት።

«ጥላኝ ሄደች ብዬ ነበር እኮ» አለ፤ ለእናቱ ይሁን ለእሷ አልታወቀም። «አንዲት ቃል ሳትተው።»

እጁን ለፖስታው ዘረጋ። አካፋ ግን ከለከለችው።

«አይ። ዶክተር ያንብቡት። ጮክ ብለው።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ሰባት ሳምንት ያስቀመጡት ምን እንደሆነ ይወቁት።»

ዶክተሯ ልጃቸውን አዩ፣ እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። መነጽራቸውን አደረጉ። ፖስታውን በጥንቃቄ ቀደዱት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ፤ ሳል የያዘው እንኳ ሳሉን ያዘ።

«ለፋርማሲስቱ» ብለው ጀመሩ። «እናትህ ከእንግዲህ እንዳልመጣ ነግረውኛል። ስለዚህ የምጽፍልህን ልብ ብለህ አንብብ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በአምስት ቀን አንዴ አጠጣ። ለአንድ ችግኝ አንድ ጣሳ፣ በቀስታ፣ ሥሩ አጠገብ። ከዚያ በአሥር ቀን አንዴ። ከዚያ ተወው። ቀትር ላይ ቢጠወልግ አትደንግጥ፣ ሲመሽ ይነሣል። ከማጠጣትህ በፊት ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ እርጥበት ካገኘህ ዞር በል። ውሃ የበዛበት ተክል ልክ ውሃ እንደጠማው ሆኖ ነው የሚጠወልገው፣ እንዳያታልልህ።»

ዶክተሯ እዚህ ላይ ቀና ብለው ቢጫ የሆኑትን ችግኞች አዩ። ገጹን ገለጡ።

«ከግድግዳው ሥር ያለው አሥራ ሰባተኛው ችግኝ ደካማ ነው። ጠዋት ጠዋት እሱን ቀድመህ እየው። ከሥራቸው ያለበስኩትን ደረቅ ሣር ማንም እንዳያነሣው። ትል ቢወጣባቸው በእጅህ ልቀም እንጂ ምንም ዓይነት መድኃኒት እንዳትረጭ፤ አንተ መድኃኒት ስትወድ አውቅሃለሁ። የመጀመሪያውን አበባ ሲያወጡ በከረጢት ጻፍልኝ።» ወረቀቱን አገላበጡት። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው» አለች አካፋ።

«አይ የኔ እናት!» አሉ አሮጊቷ ከወንበሩ ላይ። «እኛ ደግሞ የፍቅር ደብዳቤ ነው ብለን!»

ሰው ሳቀ። ፋርማሲስቱ አልሳቀም። ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ።

«ስለእኔ ምንም አልጻፍሽም?» አላት በቀስታ። እንደተጎዳ ልጅ ነበር አጠያየቁ።

«ስለአንተ?» አካፋ ትንፋሿን ሳበች። ለመረጋጋት አስባ ነበር፣ ግን አልሆነላትም። «ከፍሬያቸው አንሥቼ፣ በእጄ ፈልፍዬ፣ ስምንት ወር ያሳደግኳቸውን አርባ ችግኝ ላንተ አደራ ብዬ ሄድኩ! ማንንም አላስነካም እኔ። አጎቴን ጠይቀው፣ ያውልህ በር ላይ ቆሟል!»

«እውነቷን ነው!» አለ አጎቷ ከበሩ። «እኔን እንኳ ከችግኟ ታባርረኛለች!»

«ሌላ ምን ልጻፍልህ? እወድሃለሁ ብዬ? እወድሃለሁ! ይኸው! ውሃ ስታበዛባቸው ደግሞ ልገልህ ነው የምፈልገው፣ ግን እወድሃለሁ!»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ያን ያህል ሰው ፊት መሆኗ የታወቃት። ፊቷ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ፋርማሲስቱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ ደግሞ» አለ፣ «ጠዋት ጠዋት ቀድሜ እየመጣሁ ሳጠጣቸው አጠገቤ ያለሽ ይመስለኝ ነበር። ሲጠወልጉ ሳይ፣ አንቺን ማጣቴ ሳያንስ እጅሽ የነካውንም ላጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባሰብኩላቸው ቁጥር ውሃ እጨምራለሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማደርግላቸው ነገር አላውቅም ነበር።»

አካፋ በእጇ የያዘችውን የበሰበሰ ሥር መሬት ላይ ጣለችው። ሰባት ሳምንት ያጠራቀመችው ቁጣ የት እንደገባ አላወቀችም፤ ፈልጋ አጣችው።

*

ዶክተሯ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በራሳቸው ክሊኒክ፣ በሽተኞቻቸው መካከል እንዲህ ሲቀመጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ደብዳቤው ጭናቸው ላይ ነው።

«አሥራ አንዱን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ። ይቅርታ ማለት አይሆንላቸውም፣ ይህ ግን ከይቅርታ አይተናነስም ነበር። ከዚያ በሥራ ድምፃቸው ጠየቁ፤ «የቀረው ይድናል?»

«ይድናል» አለች አካፋ። «ዙሪያውን ቆፍረን ውሃውን እናወጣለን፣ ጠጠር እንጨምርበታለን፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ማንም አይነካውም። ሃያ ዘጠኙን አድንልዎታለሁ። የሞቱትን እተካለሁ።»

«እንግዲያው ድንጋዩ ይቅር። ለነጣፊዎቹ ደውልላቸው» አሉ ለዘበኛው። ዘበኛው በሩጫ ሄደ። «አንቺም ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት እየመጣሽ ታክሚዋለሽ። የኋላው በር ይከፈትልሻል። ሥራሽን ዛሬ አይቻለሁ፣ አከብረዋለሁ። የቀረውን ነገር ግን በስሜት የተባለ ነው ብለን እዚሁ እንተወው።»

የተክል ቦታው ዳነ። አካፋ መደሰት ነበረባት። ማክሰኞና ቅዳሜ፤ በሳምንት ሁለት ቀን መስኮቱን ማየት፣ ከረጢት መቀበል፣ ካርቶን መስጠት። ትናንት ይህን ቢሰጧት እጥፍ ብላ ትቀበል ነበር። እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፋርማሲስቱን አየችው፣ የጠቆረ ዓይኑን፣ ጭቃ የነካ ጫማውን። ሌላ ሰባት ሳምንት እንዲህ መሆን አልቻለችም።

«አይሆንም፣ ዶክተር።»

«ምን አልሽ?»

«ችግኙን አድናለሁ፣ ሥራዬ ነው። ካዳንኩ በኋላ እጅሽን ታጥበሽ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ፣ ግቢው የእርስዎ ነው። በኋላ በር ግን አልገባም። ልጅዎን እወደዋለሁ ብያለሁ፣ የሰማኝ ሰምቶኛል፣ አልውጠውም። ተደብቄ የምወደው ሰው አይደለም።»

ፋርማሲስቱ የጋዋኑን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታ፣ አወለቀው፣ አጣጥፎ እናቱ ጭን ላይ ደብዳቤው አጠገብ አኖረው።

«እማዬ፣ ዝም ብዬ ያጠፋሁት ይበቃኛል» አለ። «አሁን ከእሷ ጋር ሄጄ አሥራ አንድ ችግኝ አመጣለሁ። ከምሳ በፊት እመለሳለሁ። ስመለስ አብራኝ ናት፣ የምንገባውም በዚህኛው በር ነው። እንዳትቆጪኝ አልልሽም፣ ተቆጪኝ። ግን ከሐሳቤ አልመለስም።»

ዶክተሯ ጋዋኑን ያዙት። መልሰው አልሰጡትም፣ አልጣሉትምም። ሲናገሩ ልጃቸውን ትተው አካፋን ነበር የሚያዩት።

«ብቻዬን ነው ያሳደግኩት» አሉ። ድምፃቸው እንደ ዶክተር አልነበረም። «አባቱ ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር። ክፉ እንዳይነካው ብዬ ነው እንጂ...»

አልጨረሱትም። አካፋ ጭቃዋን ረስታ ፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«እኔም ክፉ እንዲነካው አልፈልግም፣ እማማ» አለቻቸው። ዶክተር ማለቱን ምላሷ የዘነጋው ሳታስበው ነው።

ከውስጥ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የአንድ በሽተኛ ተራ ጠራች። ማንም አልተነሣም። ድጋሚ ጠራች። ዶክተሯ የልጃቸውን ጋዋን ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉና ተነሡ፤ ከክሊኒኩ ጣሪያ በላይ ብቅ ያለችውን ፀሐይ በእጃቸው ከልለው አዩ።

«ፀሐዩ ሳይበረታ ሂዱ» አሉ። «ሁለታችሁም። በዚህ ሐሩር ችግኙ መንገድ ላይ ይጠወልግባችኋል።» ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ፣ ዞር ሳይሉም ጨመሩ፤ «አንቺም ስትመለሺ ታጠቢና ወደ ውስጥ ግቢ። ምሳ አብረን ነው።»

አካፋ «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች፣ እንባዋ ቀደማት። ፋርማሲስቱ ክንዷን ይዞ ከተቀመጠችበት አስነሣት። ለምን እንደምታለቅስ አልጠየቃትም፤ እሱም ከእሷ የተሻለ አልነበረም። ጎን ለጎን ሆነው፣ አሮጊቷ ከኋላቸው እየመረቁ፣ በዋናው በር ወጡ። በሕይወቷ ደስ ብሏት እንዲህ ፈርታ አታውቅም።